የብየዳ መኪና እሳት አልጭር ሲል

(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የልማት ኮሚቴ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ስለ ጸሎትና ስለ ወንጌል አገልግሎት በምንመካከርበት ስብሰባ መካከል ስለ ብየዳ መኪና መናገር ምን ይጠቅማል የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በየጣቢያችን የውሃ ፓምፑ መቆሚያ ሲሰበር፣ የወፍጮው እግር ሲሰነጠቅ፣ የትምህርት ቤቱ በር ከማጠፊያው ሲገነጠል የሚጠራው በያጁ ነው። የእርሱ መኪና እሳት አልጭር ባለበት ቀን ውሃ ልትቀዳ የመጣች እናት ባዶ እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዝ ትወርዳለች። ስለዚህ ጉዳዩ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጉዳይ ነው።

በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ በሳኦል ዘመን በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ አልነበረም። ገበሬው ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ አገር ይወርድ ነበር፤ ለዚያውም ዋጋ እየከፈለ። ይህ ታሪክ ለእኛ ለልማት ሠራተኞች ብዙ ያስተምረናል። መሣሪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያውን የሚያውቅና የሚጠግን ሰው በመካከላችን ከሌለ ሁልጊዜ ወደ ሌላው ደጅ እንወርዳለን። በብዙ ጣቢያዎች የሚታየውም ይኸው ነው። የብየዳው መኪና አንድ ቀን እንቢ ሲል ወዲያው በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ይላካል። የጭነት ይከፈላል፣ የምርመራ ይከፈላል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። ብዙውን ጊዜ ግን መኪናው አልተበላሸም። ችግሩ ያለው ከመኪናው ውጭ፣ በእጅ በሚነካና በዐይን በሚታይ ስፍራ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ልናሳስባችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። መኪናው እሳት አልጭር ሲል አስቀድመን ኮረንቲው የሚሄድበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንመርምር። ይህን ሳናደርግ የመኪናውን ክዳን አንክፈት፤ ሰውንም አንክሰስ።

ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ

የብየዳ መኪና አሠራር ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በአገራችን ከመብራት መሥመር የሚመጣው ኮረንቲ በአንድ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ መሥመር ደግሞ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ይህን ቮልት በ50 እና በ80 መካከል ወዳለ መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ በፈንታው አምፔሩን እስከ 100፣ እስከ 150፣ ከዚያም በላይ ከፍ ያደርገዋል። ከተራራ በጠባብ ቱቦ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ብዙ፣ መጠኑ ግን ጥቂት ነው። በሰፊ የመስኖ ቦይ የሚሄድ ውሃ ደግሞ ግፊቱ ጥቂት፣ መጠኑ ግን ብዙ ነው። የብየዳ ኮረንቲ እንደ ቦዩ ውሃ ነው። ብዙ ሆኖ ሳለ ትንሽ ግድብ ያቆመዋል። ቀለም፣ ዝገት፣ የላላ ቡሎን፣ የእርጥብ ኤሌክትሮድ ልባስ፣ እነዚህ ሁሉ ለእርሱ ግድብ ናቸው።

ኮረንቲው ከመኪናው ይወጣና በወፍራሙ ኬብል እስከ ፒንሳው፣ ማለት ኤሌክትሮዱን እስከሚይዘው መያዣ፣ ይሄዳል። በኤሌክትሮዱ አልፎ ወደሚበየደው ብረት ይገባል። ከብረቱ ደግሞ በየጋራዡ ማሳ እየተባለ በሚጠራው መቆንጠጫ በኩል በሁለተኛው ኬብል ወደ መኪናው ይመለሳል። መንገዱ ክብ ነው። ክቡ በአንድ ስፍራ ከተቆረጠ እሳት የለም።

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ከሹማምንቱ ጋር ከመነጋገሩና ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ መረመረ። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ መዞርና መመርመር፤ ከዚያ በኋላ መናገር።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ግን የሰው ሕይወት ከፓምፑም ከወፍጮውም እንደሚበልጥ እናስታውስ። ኬብል፣ ቡሎን ወይም መቆንጠጫ ከመንካታችን በፊት መኪናው ይጥፋ፤ ስፒናውም ከሶኬቱ ይነቀል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የብየዳው ቮልት ዝቅ ያለ ነው ማለት አይገድልም ማለት አይደለም። በዝናብ፣ በእርጥብ መሬት ላይ፣ በላብ በራሰ ልብስ 80 ቮልት ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በያጁ ደረቅ ጓንትና ደረቅ ጫማ ያድርግ፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ በደረቅ ሳንቃ ላይ ይቁም። የመኪናው አካል ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ሦስተኛው ሽቦ በስፒናው ውስጥ መኖሩም ይታይ። ብዙ ቦታ ይህ ሽቦ ተቆርጦ ተጥሎ ይገኛል፤ ሳይታሰብ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው።

እሳት ይጭር እንደ ሆነ ለመሞከር እንኳ መከላከያ ጭንብል ሳይደረግ አይሞከር። የብየዳ ብርሃን ዐይንን የሚጎዳው በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው፤ ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ልጆች ብልጭታውን ማየት ይወዳሉና ራቅ ይደረጉ።

አንደኛ፤ መኪናውን ማዳመጥ

የመጀመሪያው መርማሪ ጆሮ ነው። መኪናው ሲበራ ያጉረመርማል ወይስ ዝም ይላል? አሁን በብዛት የሚመጡት ቀላል የኢንቨርተር መኪናዎች አያጉረመርሙም፤ በእነርሱ ላይ የሚታየው መብራቱና የማራገቢያው መዞር ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ችግሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ዝም ካለ ችግሩ በአብዛኛው ከመብራት መሥመሩ ወገን ነው። ካጉረመረመ ግን በአብዛኛው ከብየዳው ወገን ነው።

ዝም ካለ ሶኬቱ፣ ፊውዙ፣ ስፒናውና ማብሪያው በተራ ይታዩ። በስፒናው ውስጥ ያሉት ብሎኖች ይላላሉ፤ ሽቦውም ተቃጥሎ ይጠቁራል። የተቃጠለ ፊውዝ በራሱ መጠን ይተካ። በፊውዝ ፈንታ ምስማር ወይም ወፍራም ሽቦ ማስገባት ቤቱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። ሶኬቱን በአምፖል መሞከር መልካም ነው፤ ነገር ግን አምፖል በራ ማለት መሥመሩ ብየዳ ይሸከማል ማለት አይደለም። አምፖል የሚፈልገው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ነውና በላላ ሽቦም ቢሆን ይበራል።

መኪናው ብዙ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ያቆመ እንደ ሆነ ሙቀት ጠባቂው አጥፍቶት ይሆናል። በመኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ለምሳሌ በ150 አምፔር 30 በመቶ የሚል ቢጻፍ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ ብቻ በዚያ ኀይል ይበየዳል፣ 7ቱን ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። እንዲህ የሆነውን መኪና ማራገቢያው እየዞረ 15 ወይም 20 ደቂቃ ማሳረፍ ይበቃል።

በ220ም በ380ም የሚሠሩ መኪናዎች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። መኪናው ለ380 ተደርጎ 220 ቢሰጠው ያጉረመርማል፤ ነገር ግን በብየዳው አፍ የሚሰጠው ቮልት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። 70 ቮልት መስጠት የሚገባው 40 ያህል ይሰጣል፤ በዚህም እሳት ለመጫር ያስቸግራል። በተቃራኒው ለ220 የተደረገው 380 ቢሰጠው ይቃጠላል። ስለዚህ መኪናው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በተዛወረ ቁጥር ይህ አስቀድሞ ይታይ።

ሁለተኛ፤ ማሳው

መኪናው እያጉረመረመ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ ምንም ካልሆነ፣ ድምፁም ካልተለወጠ፣ ክቡ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በማሳው ዘንድ ነው። በያጁ ዐይኑ ሁልጊዜ በፒንሳው ላይ ነው፤ ማሳውን የሚያየው የለም። የመቆንጠጫው ምላስ ይዝጋል፣ ሞላው ይደክማል፣ ቡሎኑ ይላላል። ከሁሉም ይልቅ በቀለም ላይ ይቆነጠጣል።

በዚህ ረገድ ከምናገለግልባቸው ጣቢያዎች በአንዱ የሆነውን ብንነግራችሁ ለሁላችን ትምህርት ይሆናል። በዚያ ጣቢያ አንድ ወጣት ብየዳ እየተማረ ይሠራ ነበር። ትውልዱ ከብረት ቀጥቃጮች ወገን ነው። ይህ ወገን በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅና ቡዳ እየተባለ ሲፈራ እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለው ያርሱበታል፣ ከማዕዳቸው ግን አያስጠጉትም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው እሳት አልጭር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ በሥራ ቤቱ የነበረው ያ ወጣት ብቻ ነበርና ሐሜት ተነሣ። አንዱ አቃጥሎት ነው አለ፤ ሌላው የውስጡን መዳብ አውጥቶ ሸጦት ነው አለ። ኮሚቴውም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ወጣቱ ቤቱ እንዲቀመጥ ነገረው።

መኪናው ወደ ከተማ ተላከ። በከተማ ያለው ባለሙያ የራሱን ኬብሎች አገናኝቶ ሲሞክረው ወዲያው በየደ። ምንም የለበትም ተብሎ ተመለሰ። ወደ ጣቢያው ደርሶ ሲሞከር ግን እንደ ገና እንቢ አለ። በዚህ ጊዜ ሐሜቱ ባሰ። በከተማ የሚሠራ መኪና እዚህ ሲደርስ የሚያቆመው በዐይኑ ስለ በላው ነው የሚሉ ተገኙ፤ ከምእመናንም መካከል ይህን ያሉ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የውሃው ፓምፕ መቆሚያ እንደ ተሰበረ ነበር።

እንድናየው ተጠርተን በሄድን ጊዜ መንገዱን ከመኪናው ጀምረን ተከተልን። ብዙም ሳንሄድ አገኘነው። የሚበየድበት የብረት ጠረጴዛ ከነእግሩ ጸረ ዝገት ቀለም ተቀብቷል። መኪናው እንቢ ካለበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እንግዶች ይመጣሉና ሥራ ቤቱ ይመር ተብሎ፣ በኮሚቴው ትእዛዝ የተቀባ ነው። ማሳው የተቆነጠጠው በዚያ ቀለም ላይ ነበር። በሞረድ የመዳፍ ያህል ስፍራ ፍቀን ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲታይ መቆንጠጫውን አሰርንበት። በመጀመሪያው ንክኪ እሳት ተጫረ። በዚያው ከሰዓት በኋላ የፓምፑ መቆሚያ ተበየደ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በእሑዱ ጉባኤ ፊት ቆመው ወጣቱን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን አደረጉት። ዐይን በላው የተባለው ነገር የቀለም ጉዳይ መሆኑን ጉባኤው በዐይኑ አየ። ከብዙ ስብከት ይልቅ ያ የተፋቀ የመዳፍ ያህል ብረት ስለ ቡዳ የሚነገረውን በዚያ ሰፈር አሳፍሮታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ኒቆዲሞስ በሸንጎ መካከል፣ ሰው ሳይሰማና ሥራው ሳይታወቅ ሊፈረድበት ይገባልን ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ እኛም በየሥራ ቤታችን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፤ ኬብሎቹና ፒንሳው

ማሳው ደኅና ሆኖ ካልጫረ ኬብሎቹ ይታዩ። ኬብል ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ዘወትር በሚታጠፍበት ስፍራ፣ ይኸውም በፒንሳው እጀታ አጠገብና መኪናው ላይ በሚታሰርበት ጫፍ ነው። ላስቲኩ ደኅና መስሎ የውስጡ መዳብ ግን ተበጣጥሶ ጥቂት ክር ብቻ ይቀራል። በእጅ ሲታጠፍ ከሌላው ይልቅ የሚለሰልስ ወይም የሚሰበር ስፍራ ካለ እርሱ ነው። ሌላው ምልክት ሙቀት ነው። ጥቂት ተሞክሮ መኪናው ጠፍቶ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ መጋጠሚያዎቹ በእጅ ይዳሰሱ። ከሌሎቹ ይልቅ የሞቀው መጋጠሚያ የላላው ወይም የዛገው ነው። ይፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ፣ ተመልሶ ይጥበቅ። የፒንሳው ጥርሶችም በቀለጠ ብረትና በአመድ ይሸፈናሉና ይጽዱ።

አራተኛ፤ ኤሌክትሮዱ

ኤሌክትሮድ ከውጭ ልባስ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ልባስ ያለውን ኤሌክትሮድ የፈጠረው ኦስካር ሼልበርግ የተባለ ስዊድናዊ ሲሆን፣ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኩባንያውን አቋቁሞ ሥራውን አስፋፋ። ከዚያ በፊት በልባስ ባልተሸፈነ ዘንግ ሲበየድ እሳቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ፣ ብየዳውም ይሰባበር ነበር። ልባሱ ሲቃጠል እሳቱን ያጸናል፤ ጭሱና ቅርፊቱም የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቃል። ስለዚህ ልባሱ የተጎዳ ኤሌክትሮድ ግማሽ ኤሌክትሮድ ነው።

በፒንሳው የሚነከሰው ልባስ የሌለበት ጫፍ መሆኑ ይታይ፤ ጀማሪ ልባሱን አስነክሶ እሳት ሲፈልግ ይውላል። አንድ ጊዜ የተበየደበት ኤሌክትሮድ ጫፉ እንደ ጠርሙስ ባለ ቅርፊት ይሸፈናል። ያ ቅርፊት ኮረንቲ አያሳልፍምና በሻካራ ነገር ላይ ፋቅ ተደርጎ ብረቱ ይገለጥ። እርጥበት የገባበት ኤሌክትሮድ ይጣበቃል፣ ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይጭርም። በክረምት በጭቃ ወለል ላይ ክፍት ሳጥን ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ኤሌክትሮድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ተደርጎ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ረጥቧል ተብሎ በፍም ላይ አይጠበስ፤ ልባሱ ይሰነጠቃል።

ዓይነቱም ይለያያል። በየገበያው በብዛት የሚገኘው 6013 የሚባለው ቁጥር በኤ.ሲ.ም በዲ.ሲ.ም ይሠራል፤ ለትንሽ መኪናም ይስማማል። 7018 ጠንካራ ብየዳ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለመጫር 70 ቮልት ያህል ይፈልጋልና ትንሽ መኪና ይቸገርበታል፤ እርጥበትንም ፈጽሞ አይወድም። 6010 ደግሞ ለዲ.ሲ. የተሠራ ነው፤ በተራ ኤ.ሲ. ትራንስፎርመር ላይ እሳቱ አይጸናም። መኪናውን ከመውቀሳችን በፊት በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ።

አምስተኛ፤ የአምፔሩ መጠንና እጅ

ኤሌክትሮዱ ሲነካ ድምፁ ከፍ ብሎ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ ኮረንቲ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩ የመጠን ወይም የእጅ ነው። ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ ለ3.25 ሚሊ ሜትር ከ90 እስከ 130 አምፔር ያህል ያስፈልጋል። በ50 አምፔር 3.25 ለመጫር የሚታገል ሰው ሲጣበቅበት ይውላል። እጅም ይማር። ኤሌክትሮዱ እንደ ክብሪት ጫር ተደርጎ ወዲያው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይደረግ። ተጭኖ የቆየ ይጣበቃል፤ እጅግ የራቀም ይጠፋል። የሚበየደው ብረት ራሱም ዝገትና ቀለም ካለበት በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ።

ስድስተኛ፤ ረጅምና ቀጭን መሥመር

ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ይህ ነው። ሥራ ቤቱ ከቆጣሪው ሲርቅ የቤት መብራት ሽቦ ተቀጥሎ ይሳባል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 50 ሜትር ርቀን 30 አምፔር ብንስብ በመንገድ ላይ 21 ቮልት ያህል ይጠፋል። በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 5 ቮልት ያህል ብቻ ነው። በገጠር መሥመሩ ራሱ ከ220 በታች ሆኖ ሲመጣ በዚህ ላይ 21 ቮልት ቢቀነስ መኪናው አቅም ያጣል። አታላይ የሚያደርገው ደግሞ ሳይበየድ ሲለካ ሙሉ ቮልት ማሳየቱ ነው። ቮልቱ የሚወድቀው ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ፣ ማለት ኮረንቲ ሲሳብ ነው። በዚያ ቅጽበት የቤቱ አምፖል የሚደበዝዝ ከሆነ መኪናውን ትተን መሥመሩን እንይ። የተጠቀለለ የማራዘሚያ ሽቦም ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። በጄኔሬተር የሚሠሩም ያስተውሉ። 220 ቮልት በ30 አምፔር ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ነው፤ በ3 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ይህን መጠበቅ ለአህያ የግመል ጭነት መጫን ነው።

ሰባተኛ፤ በቴስተር መለካት

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ፣ ቴስተር መጠቀም የሚያውቅ ሰው መኪናው በርቶ፣ ሳይበየድ፣ በሁለቱ የብየዳ አፎች መካከል ያለውን ቮልት ይለካ። በትራንስፎርመር መኪና በኤ.ሲ.፣ በዲ.ሲ. መኪና ደግሞ በዲ.ሲ. በኩል ይለካል። በመኪናው አፍ ላይ ከ50 እስከ 80 ቮልት ተገኝቶ በፒንሳውና በማሳው መካከል ከሌለ፣ የተቆረጠው ኬብሉ ነው። በሁለቱም ካለ ችግሩ ቀለሙ፣ ኤሌክትሮዱ ወይም መሥመሩ ነው። በመኪናው አፍ ላይም ከሌለ ችግሩ የውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መውሰድ ተገቢ ነው። ከዚህ የሚለዩ አንዳንድ ኢንቨርተሮች አሉ፤ ለደኅንነት ሲባል ሳይበየድ ቮልቱን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ ጥቂት ቮልት ማሳየታቸው ብልሽት አይደለም።

ሥልጠና የሌለው ሰው ክዳን አይክፈት። በተለይ ኢንቨርተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ለመግደል የሚበቃ ኮረንቲ አጠራቅሞ ይቆያል። ወደ ባለሙያ ሲላክም መኪናው ብቻውን አይሂድ፤ ኬብሎቹ፣ ፒንሳው፣ ማሳውና ጥቂት ኤሌክትሮድ አብረው ይሂዱ። ያ ጣቢያ ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ባለሙያው ቢያንስ መኪናውም ኬብሉም ደኅና መሆኑን ነግሮት ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው ይመልስ ነበር።

ለኮሚቴዎች የምናቀርበው ማሳሰቢያ

በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቅ ጽሕፈት የሚከተሉት ጥያቄዎች እንዲለጠፉ እንመክራለን።

ስፒናው ተነቅሏልን? ሰውና ልጆች ተጠብቀዋልን?
መኪናው ያጉረመርማልን ወይስ ዝም ይላል?
ማሳው የተቆነጠጠው በጸዳ ብረት ላይ ነውን?
ኬብሉና መጋጠሚያዎቹ ጠብቀዋልን?
ኤሌክትሮዱ ደረቅ፣ ዓይነቱም ትክክለኛ ነውን?
አምፔሩ ለኤሌክትሮዱ ውፍረት ይስማማልን?
የመብራቱ መሥመር ወፍራምና አጭር ነውን?

ከዚህም ጋር በየሥራ ቤቱ አንድ መለዋወጫ መቆንጠጫ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ ሞረድና የሽቦ ብሩሽ፣ የኤሌክትሮድ ማስቀመጫ ቆርቆሮና አንድ ደብተር ይኑር። በደብተሩ ላይ መኪናው መቼ እንቢ እንዳለ፣ ምን እንደ ተገኘ፣ ማን እንዳስተካከለው ይጻፍ። የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ጊዜ መኪናውን ከተማ አድርሶ ከመመለስ አይበልጥም። ደብተሩ ደግሞ ከሐሜት ይጠብቃል፤ የተጻፈ ነገር ካለ ሹክሹክታ ስፍራ የለውም።

ለእናንተ በጸሎትና በስጦታ ይህን አገልግሎት ለምትደግፉ ምእመናንም አንድ ቃል አለን። መኪና መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን መኪና ሲሰጥ ለሚሠራበት ሰው ትምህርት፣ ለመጠገኛ ጥቂት ዕቃ፣ ለመሥመሩም ወፍራም ሽቦ ይታሰብ። እነዚህ ፎቶግራፍ የማይነሡ ነገሮች ናቸው፤ ፓምፑን የሚያቆሙት ግን እነርሱ ናቸው። የብረት ሥራ ልጆቻችን የሚያፍሩበት ሳይሆን የሚከበሩበት ሙያ እንዲሆን፣ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅና በናስ እንዲሠራ በመንፈሱ እንደ ሞላው በየጉባኤው ይነገር።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደየጣቢያችሁ ስትመለሱ ከሁሉ በፊት ወደ ሥራ ቤቱ ገብታችሁ ማሳው የተቆነጠጠበትን ስፍራ እዩልን። ቀለም ካለበት ፋቁት። የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።